መጨረሻው ከታወቀ ምን ቀረ?

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንበብ ከጀመርን ሁለተኛ ሳምንታችን ነበር። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እኔ መጨረሻውን አውቄዋለሁ፤ ይሞታሉ» አለች። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ መጽሐፉን ዘጋው፤ ሌላው የኳስ ጨዋታ ሳያይ ውጤቱን እንደነገሩት ሰው ራሱን ያዘ። «በቃ ተበላሸ፣ ሌላ መጽሐፍ እንቀይር» የሚል ሐሳብ ከመሐል መጣ፤ ብዙ ደጋፊም አገኘ።

ወሬው የመጣው ከአባቷ ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ቤተሰባቸው እዚህ ጅቡቲ ቢሆንም እሳቸው አብዛኛውን ወር የሚያሳልፉት በሞጆና በገላፊ መንገድ ላይ ነው። ልጆቻቸውን ረጋ ብለው የሚያገኙት ዶራሌ ወደብ ለመጫን ተራ ሲጠብቁ ነው። በዚያ ሳምንት «ምን እየተማርሽ ነው?» ብለው ጠየቋት፤ የመጽሐፉን ስም ስትነግራቸው ታሪኩን እስከ መጨረሻው አወረዱላት። እሳቸው መጽሐፉን አንብበውት አያውቁም። በልጅነታቸው በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተውት ነው።

«ሦስት ሳምንት ስጡኝ» አልኳቸው ተማሪዎቹን። «ከዚያ በኋላም ተበላሽቷል ካላችሁ እንቀይራለን።»

ይህ ጽሑፍ በእነዚያ ሦስት ሳምንታትና ከዚያም በኋላ የሠራነው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደዚህ ክፍል ለምትገቡ ተማሪዎች ጻፍኩት፤ ልጃቸው ልብ ወለድ ይዞ ሲቀመጥ «ትምህርትህን አታጠናም?» ለሚሉ ወላጆችም ጭምር።

መጀመሪያ ያደረግነው ሽፋኑን ማየት ነው። ርዕሱን ጮክ ብለን አነበብነው። መቃብሩ የት ነው ያለው? ሽፋኑ ላይ! ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ ገዝቶ ገና ያልከፈተው ሰው እንኳ ይህ ፍቅር የት እንደሚያልቅ ያውቅ ነበር። የተማሪያችን አባት ደራሲው ራሳቸው ካወጡት የበለጠ ምስጢር አላወጡም። ደራሲው ደግሞ በጎጃም የቤተ ክህነትን ትምህርት የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዘምተው የተማረኩና በጣሊያን አገር የታሰሩ፣ በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው መጨረሻውን ሽፋን ላይ የሚጽፈው ሳያስብ አይደለም። ታዲያ ለምን ጻፉት? ጥያቄው ሰሌዳው ጥግ ላይ ተጽፎ ሦስት ሳምንት ሳይጠፋ ቆየ።

ልብ አንጠልጣይ ታሪኮችን አልንቅም። በአውቶቡስም በባቡርም ብዙ አንብቤያለሁ። ነገር ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ ወደ አንዱም ተመልሼ አላውቅም፤ እንደተከፈተ ፖስታ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ሌላ ዓይነት መጽሐፍ አለ፤ መጨረሻውን ስታውቅ ማንበብ የምትጀምርበት። ቁም ነገር ያለው ንባብ ስል የማስበው ይህንን ነው እንጂ መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ወይም አማርኛው ስለከበደ አይደለም።

አሁን ወደ ገጾቹ እንግባ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በፍቅረኞቹ አይጀምርም። በማንኩሳ፣ በበዛብህ ወላጆች፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ነው የሚጀምረው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሰለቻል፤ «ሰብለ ወንጌል መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል። እኔም በመጀመሪያ ንባቤ ብዙ ገጽ ዘልያለሁ። ግን መጽሐፉን የሚሸከመው ነገር እዚያ ነው ያለው። በዛብህ በስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ነው፤ ስለቱም እንደማንኛውም ሰው ሚስት አግብቶ እንዳይኖር ያስረዋል።

የእኛ ተማሪዎች ስለትን ከመጽሐፍ አይማሩትም። በየዓመቱ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል የሚሄዱ ቤተሰቦች አሉን። አንድ ልጅ «እናቴ እኔ ታምሜ ድኜ ጃንጥላ አስገብታለች» አለ። «ከጃንጥላው ይልቅ አንተን ሰጥታ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ።

የዚያን ቀን ስለ ስለቱ የሚያወራውን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብን። መጀመሪያ መጨረሻውን እንደማያውቅ ሰው ሆነን፤ እናትና አባት ልጃቸውን ሲወዱ፣ ፈጣሪያቸውን ሲለምኑ። ደስ የሚል የቤተሰብ ታሪክ ነው። ቀጥለን መቃብሩን እያሰብን ያንኑ ገጽ ከመጀመሪያው ጀመርን። አንድም ቃል አልተለወጠም። ግን የእናቲቱ እያንዳንዱ የፍቅር ቃል በልጇ ላይ የሚዘጋ በር ሆኖ ተሰማን፤ እሷ ደግሞ አታውቅም። እኛ እናውቃለን፣ እሷ አታውቅም፤ ልንነግራትም አንችልም። አንዷ ተማሪ «እናቱን ልናደድባት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም» አለች። በማስታወሻ ደብተሯ ላይም እንድትጽፈው አደረግሁ። መናደድ ፈልጎ አለመቻል ለፈተና የሚሆን መልስ አይደለም፤ ግን ሰው ከልብ ወለድ ውጭ እንዲህ ያለውን ስሜት በጸጥታ ተቀምጦ የሚመረምርበት ቦታ ብዙ አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ቃል አለ። የሥነ ጽሑፍ መምህራን «መቼት» የምንለው ቃል «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ከሁለቱ የተሠራ ነው፤ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ ይይዛል። ፈተና ላይ «የልብ ወለዱን መቼት ግለጹ» ሲባል «ጎጃም፣ ድሮ» ተብሎ ይጻፋል፤ ነጥብም ይሰጥበታል። ይህ ግን ኮንቴይነር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ውስጡ ያለውን ዕቃ አየሁ እንደማለት ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መቼቱ እንደ ገጸ ባሕርይ ይሠራል። መሬት በርስትና በጉልት የተያዘበት፣ ሰው በዘሩ የሚመዘንበት ዘመን ባይሆን ኖሮ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ባል በዘር እየቆጠሩ ሰብለን ዕድሜዋ እስኪገፋ ባላስቀመጧት ነበር። ሰብለ ባትቀመጥ ደግሞ ሊያስተምራት ከገባው ከደኻ ልጅ ጋር ባልተገናኘች። ፍቅራቸውን የወለደውም የገደለውም ያው ሥርዓት ነው። ይህንን ያገኘው እኔ አልነበርኩም፤ ክፍል ውስጥ እምብዛም የማይናገር አንድ ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ፊደሉን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ።

ስለ ፊታውራሪ ካነሳን አይቀር። ባላገሮቹ ከደንቡ ውጭ የተጠየቁትን አንሰጥም ሲሉ ፊታውራሪ ሊወጓቸው ዘምተው ራሳቸው ተማርከው ተመለሱ። ይህ ክፍል ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ መሳቅም ይገባል፤ ሀዲስ ዓለማየሁ በአማርኛ ካሉን ቀልድ አዋቂ ደራሲያን አንዱ ናቸው፤ ይህ ችሎታቸው ከሚገባው በታች ነው የሚነገርለት። ሳቁ ሲበርድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፤ «እቤታቸው ሲገቡ ሰብለ አባቷን በየትኛው ዓይን ታያለች?» እናንተም መጽሐፉን ይዛችሁ ሞክሩት። የምንስቅበት ሰው የአንድ ሰው አባት መሆኑን ሳንረሳ መሳቅ ቀላል አይደለም።

ጉዱ ካሳ ላይ ግን ተጣላን። ካሳ ዳምጤን ሰዉ «ጉዱ» የሚለው ልማዱን ስለሚቃወም፣ የሁሉም ሰው እውነት ያልሆነውን እውነት ስለሚናገር ነው። አብዛኛው ተማሪ «ደራሲው የሚናገሩት በእሱ አፍ ነው» አለ። በየመጽሔቱም እንዲሁ ሲጻፍ ኖሯል። እኔ እዚህ ላይ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ፤ ተማሪዎቼን ለማሳመን ብሞክርም ግማሾቹን ብቻ ነው ያገኘሁት። ካሳ የሚናገረው ትክክል ነው እንበል። ማንን አዳነ? መጨረሻውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዞ ይሄዳል። ደራሲው የራሳቸውን ሐሳብ ለመስበክ ብቻ ፈልገው ቢሆን ኖሮ የካሳን ሐሳብ ድል ያደርጉለት ነበር። እነሱ ግን ትክክለኛውን ሐሳብ ለማንም ለማይሰማ አገር ሰጥተው፣ ሐሳቡም ባለቤቱም ምን እንደሚሆኑ አሳዩን። ስብከትና ልብ ወለድ የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በዚህ ክርክር መሐል አንድ ጎበዝ ተማሪ «ሰሙ ፍቅር ነው፣ ወርቁ ፖለቲካ ነው» ብሎ ሊዘጋው ሞከረ። የቅኔ ባህላችን ሁለቴ እንድናነብ አስለምዶናል፤ ትልቅ ሀብት ነው። ልብ ወለድ ግን ሰሙ ቀልጦ ወርቁ የሚቀርበት አይደለም። የበዛብህና የሰብለ ፍቅር ለሌላ ነገር ሽፋን ከሆነ ሞታቸው ለምን ያሳዝነናል?

ስለ ሬዲዮውም አንድ ነገር ልበል። የተማሪያችን አባት እስከ ዛሬ የፊታውራሪን አነጋገር ያስመስላሉ አሉ፤ ማለትም ወጋየሁ ንጋቱ የሰጣቸውን ድምፅ። ያ ትረካ ማንበብ የማይችሉትን ሰዎች ሁሉ የመጽሐፉ ባለቤት አድርጓቸዋል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ተራኪው የት ላይ እንደምትስቅ፣ የት ላይ ቆም እንደምትል ይወስንልሃል። ራስህ ስታነብ የምትወስነው አንተ ነህ። መጀመሪያ ላይ ያደክማል፤ በተለይ አማርኛው እቤት ውስጥ ብቻ ለሚነገርላቸው፣ ከደጃፍ ውጭ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ለሚጠብቃቸው ልጆቻችን። «እራትሽን ብዪ» እና «ስልኩን አስቀምጥ» የሚለው አማርኛ «ጉልት» እና «ጢሰኛ» ወዳሉበት ገጽ አያደርስም። እንዲህ ያለውን ቃል ለወላጅ እንዲጠይቁ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ሁለት ወላጆች «እኛም አናውቀውም» ብለው ላኩ፤ በዚህ ማፈር የለም። አንዲት አያት ግን በቤተሰባቸው የደረሰውን የጭሰኝነት ታሪክ ለልጅ ልጃቸው አንድ ምሽት ሙሉ አጫወቱት።

ለ12ኛ ክፍሎች ሌላ መጽሐፍ አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። ጦርነትና የጎልማሶች ፍቅር ያለበት ስለሆነ ለታናናሾቹ አልሰጥም። ይህም መጽሐፍ መጨረሻውን ርዕሱ ላይ ተናግሮታል፤ ቃሉ በአስመራ ሰዎች አነጋገር ነገሩ አብቅቷል፣ ከእንግዲህ የሚሆን የለም እንደማለት ነው። ታሪኩ በ1974 ዓ.ም. በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የሚነግረን ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ነው። እዚህ የምንማረው ተራኪና ደራሲ ሁለት መሆናቸውን ነው። ፀጋዬ ዘመቻው ይሳካል ብሎ ይሄዳል፤ ይጓጓል፣ ያምናል። ርዕሱ ደግሞ ከጀርባው ቆሞ «አብቅቷል» ይላል። ተራኪው የማያውቀውን መጽሐፉ ያውቃል። ተማሪ ይህንን አንዴ ካየ ጋዜጣም፣ ማስታወቂያም፣ የሹም ንግግርም ሲሰማ «ማን ነው የሚነግረኝ? የማይነግረኝስ ምንድን ነው?» ማለት ይለምዳል።

መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህንን ለተማሪዎች የምነግራቸው መጽሐፉን አንብበው ሲጨርሱ ነው። አስቀድሜ ብነግራቸው የደራሲው ዕጣ መጽሐፉን ይውጠዋል፤ ሁሉም የሚያነበው የመጥፋቱን ምክንያት ፍለጋ ይሆናል። ይህ ግን የእኔ ምርጫ ነው። ባልደረባዬ የታሪክ መምህሩ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ በሻይ ሰዓት ስንከራከር ኖረናል።

ሦስተኛው መጽሐፍ የጎረቤታችን ነው፤ እንዲያውም የአገሬው ነው። አብዱራህማን ዋቤሪ በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጅቡቲ ከተማ ተወልዶ፣ በ20 ዓመቱ ገደማ ወደ ፈረንሳይ የሄደ ደራሲ ነው። በ2003 «ትራንዚት» የተባለ ልብ ወለድ በፈረንሳይኛ አሳተመ። እኛ ዶራሌ አካባቢ «ትራንዚት» ስንሰማ የሚመጣልን የጉምሩክ ወረቀትና ዕቃ የሚያስለቅቀው ትራንዚተር ነው፤ ከወላጆቻችንም በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ናቸው። የዋቤሪ ትራንዚት ግን የሰው ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው ሰዎቹ ከጅቡቲ ወጥተው ፓሪስ አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሱ በኋላ ነው። ወጥተዋል፤ ያለቀ ነገር ነው። ከዚያ እየተፈራረቁ በየራሳቸው ድምፅ ወደ ኋላ ይወስዱናል፤ አንዱ ወታደር የነበረ ወጣት ነው፣ አንዱ የተማረ ሰው ነው። የአንዱ ቋንቋ የሌላውን አይመስልም። ፈረንሳይኛቸው ጠንካራ የሆነ ሦስት ተማሪዎች አንብበውት ለክፍሉ በአማርኛ አወሩልን። የወታደሩን አነጋገር በአማርኛ ለማምጣት ሲሞክሩ የፒኬ 12 የረዳቶችን አማርኛ ተጠቀሙ። ሳቅን፤ ግን ከዚያ የተሻለ ትርጉም የሚገኝ አይመስለኝም።

ለወላጆች ጥቂት ልናገር። «ልብ ወለድ ጊዜ ማባከኛ ነው» የሚለውን ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ፤ የምትሉት ከፍርሃት መሆኑንም አውቃለሁ። በሰው አገር ልጅ ማሳደግ ቀልድ አይደለም፤ ሒሳብና ፈረንሳይኛ እንጀራ ይሆናሉ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ሴራ፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ጭብጥ፣ መቼት እያልኩ ሸምድጄ፣ አንድም ልብ ወለድ ሳልጨርስ ፈተናውን አልፌያለሁ። ጥሩ ውጤትም አመጣሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው ተመልሼ ያነበብኳቸው፤ ያለፉኝን ዓመታት እስከ ዛሬ እቆጥራለሁ። ልጃችሁ በቀን አሥር ገጽ ቢያነብ ሒሳቡን አያጣም። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ ከቻላችሁም እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ። ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት፤ ሲሳሳት ቶሎ አታርሙት። ሌላም ጉዳይ አለን። ለአንድ ክፍል ያሉን ስድስት ቅጂዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ መሐላቸው ወጥቷል። በክረምት አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ አንድ ቅጂ ይዞልን ቢመጣ ትልቅ ውለታ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ በቃሌ መሠረት ድምፅ አሰጠሁ። መጽሐፉ ይቀየር ያሉ አራት ነበሩ። አራቱም እስከ መጨረሻው አብረውን አነበቡ፤ አንዱ ዛሬም «በዝቷል፣ ያጥር ነበር» ይላል። አንዳንድ ቦታ ላይ እውነት አለው።

መጨረሻውን የነገረችን ተማሪ ግን ግንቦት ላይ አንድ ነገር ይዛ መጣች። አባቷ ለካ ትረካውን ሙሉውን አልሰሙትም። በዚያን ጊዜ ሬዲዮው የጎረቤት ስለነበር፣ ጎረቤቱ እህል ሊሸምት ገበያ በሚሄድበት ቀን ያመልጣቸው ነበር። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ያውቃሉ፤ መሐሉን አያውቁም። በዛብህ ከፊታውራሪ ቤት እንዴት እንደወጣ አርባ ዓመት ሙሉ ሳያውቁት ኖረዋል። አሁን ተራ ሲጠብቁ፣ ዓርብ ዓርብ እናቷ ምሳ ቋጥራ ትልካታለች፤ ልጅቷ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ታነብላቸዋለች። የማታውቀውን ቃል እሳቸው ይነግሯታል፤ ፊታውራሪ ሲመጡ ደግሞ መጽሐፉን ተቀብለው በዚያ በሚያስመስሉት ድምፅ ራሳቸው ያነባሉ። ባለፈው ሳምንት መኪናቸው ቶሎ ስለተጫነ ምዕራፉን ሳይጨርሱ ነው የሄዱት፤ ቅጂውንም ይዘውት ሄደዋል። የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆነ ሲመለሱ እንድታመጣው ነግሬያታለሁ።